የቤንዚኑ ዋጋና የታሪፉ ወረቀት አብረው ይውጡ፦ ከአንድ የደሴ ባጃጅ ሹፌር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የከተማችን የትራንስፖርት ታሪፍና የነዳጅ ስርጭት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣
ለማደያ ባለቤቶችና ቀጂዎች፣
ለደሴና ለኮምቦልቻ ተሳፋሪዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ ዓለይኩም።

እኔ ደሴ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጇ የኔ አይደለችም። ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ አስገባለሁ፣ የተረፈውን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቤንዚን ነው። ግን ዋጋው ይቀነስልን ለማለት አይደለም። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ተከትለው ስለሚመጡ ሁለት ጣጣዎች ነው። አንዱ የታሪፍ መዘግየት ነው። ሌላው የማደያ ሰልፍ ነው። ዋጋው በደሴ እጅ የለም። እነዚህ ሁለቱ ግን አሉ።

ዋጋውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አገራችን ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ነው የምታስገባው፣ የምትከፍለውም በዶላር ነው። መንግሥት ለዓመታት ልዩነቱን ይደጉም ነበር። ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ከተወሰነበት ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ዋጋው መውጣት ያዘ። የአዲስ አበባውን ዋጋ ልጥቀስ፣ የኛ ከሱ በትንሹ ነው የሚለየው። በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። ወዲያው 47 ብር ከ83 ገባ። በ2015 መስከረም 57 ብር አለፈ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነዳጁም አልቀረለትም። መስከረም 2017 ላይ 91 ብር ከ14፣ በዚያው ዓመት የገና ሰሞን ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ አልቆመም።

ይህን የሚወስነው ፌዴራል መንግሥት ነው። ከደሴ ሆናችሁ ልታስቆሙት እንደማትችሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ራሳችን ጉዳይ ልግባ።

አዲስ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማታ ነው። ጠዋት ማደያው በአዲሱ ይቀዳል። የታሪፉ ወረቀት ግን አብሮ አይወጣም። ጥናት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ማህተም አለ። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ ሹፌሩ በአዲሱ ዋጋ ይቀዳል፣ በድሮው ታሪፍ ይጭናል። በሕጉ መሠረት ትክክለኛው ታሪፍ የድሮው ነው። ጨምሮ የተቀበለ ትራፊክ ካገኘው ይቀጣል። ሳይጨምር የሠራ ደግሞ ከኪሱ ይሞላል።

ያች መሃል ያለችው ጊዜ ናት የምታጣላን። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ባለው መንገድ ላይ የማይሰማ ስድብ የለም። አንድ ሽማግሌ ሸህ ሁልጊዜ የሚከፍሉትን ከፍለው ሲወርዱ፣ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ሹፌር ከኋላቸው ይጮህባቸዋል። እሳቸው የተሳሳቱት ነገር የለም። ልጁም ጠዋት የቀዳበትን ዋጋ ያውቃል። በዚህ ከተማ ሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ነበር። አሁን በየቀኑ የምናየው ነገር ሆነ። ይሄ ሲያሳዝነኝ ኖሯል፣ ለመጻፍም ያነሳሳኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

አሁን ሂሳቡን ላስረዳ። እባካችሁ በትዕግስት አንብቡልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ባጃጅ በቀን 6 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል እንበል። ሊትሩ ላይ 10 ብር ተጨመረ። በቀን 60 ብር ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራ 1,560 ብር ይሆናል። ለሹፌር ቀላል ብር አይደለም፣ የልጆች ዳቦ ነው። ግን ይቺው ባጃጅ በቀን 80 ሰው ብታመላልስ፣ 60 ብሩ ለ80 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው አንድ ብር እንኳን አይሞላም። በሐቀኝነት ከተነጋገርን የ10 ብር ጭማሪን ለመሸፈን ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ብር መጨመር በቂ ነው።

ታዲያ ሹፌሩ ለምን አምስት ብር ይጨምራል? ተሳፋሪው የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ ልክም ነው። አንዱ ምክንያት ዝርዝር ነው። አንድ ብርና ሃምሳ ሳንቲም እየመለሱ መሥራት ከቀረ ቆየ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሹፌሩ ቤንዚኑን ከማደያ አላገኘውም። የገዛው በሃይላንድ ነው፣ በውሃ ላስቲክ ሞልቶ መንገድ ዳር ከሚቸረችር ሰው።

የሃይላንዱ ቤንዚን ከማደያው ዋጋ ሊትሩ 60 ብር ይበልጣል እንበል። እጥረቱ የበረታ ሰሞን ከዚያም በላይ ይሄዳል። በ6 ሊትር 360 ብር ነው። ለ80 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው አራት ብር ተኩል። አምስቷ ብር የመጣችው ከዚህ ነው። ተሳፋሪው የተጨመረበት የመንግሥት ዋጋ ነው ብሎ ያስባል። አብዛኛው ግን እሱ አይደለም። ደሴ ላይ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው በየቀኑ እየከፈለ ያለው ለጥቁር ገበያው ነው። ሹፌሩ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ነው። ለሱ የሚቀረው ስድቡ ነው።

ወደ ሰልፉ እንምጣ። ቦቴው ከጂቡቲ ተነስቶ ሚሌ ላይ ሲደርስ ወደ ባቲ ይታጠፋል፣ በኮምቦልቻ አድርጎ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ከአዲስ አበባ ይልቅ እኛ ለወደቡ እንቀርባለን። ሆኖም ቤንዚን መጣ ሲባል ሰልፉ ማደያውን አልፎ መንገዱን ይይዛል። ሌሊት ተሰልፎ ባጃጁ ውስጥ ተኮራምቶ የሚያድር ሹፌር ብዙ ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ ይታወቃል፣ በተለይ ኅዳርና ታህሳስ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይገባል። ጠዋት ተራው ሊደርስ ሲል “አልቋል” ይባላል። እዚያው አጠገብ ግን ጀሪካን የያዘ ሰው ሲወጣ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ያው ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ይቆማል።

እዚህ ላይ የማደያ ሠራተኛውን ሁሉ በአንድ ላይ መውቀስ አልፈልግም። በሰልፉ መሃል ለታማሚ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ ቅድሚያ የሚሰጡ፣ ለሊትር ታማኝ የሆኑ ቀጂዎች አሉ። እናመሰግናቸዋለን። ግን ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከሰማይ አልወረደም። በቦቴ መጥቶ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ በማደያው ፓምፕ ነው የወጣው። የት ላይ እንደሚፈስ ለማወቅ የሚከብድ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። የነዳጅ ማሻሻያው ሲጀመር የሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ ድጎማ እንዲያገኙ ተብሎ ነበር። ባጃጅም ከነዚያ አንዱ ነበር። ክፍያው በቴሌብር ሲሆን ልዩነቱ ለተመዘገበው ተሽከርካሪ ይታሰብለት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ መጠኑ እየቀነሰ ቢሄድም። ነገር ግን ድጎማውን የሚያገኘው ከማደያ የቀዳ ሰው ነበር። በሃይላንድ የገዛ ሰው ቴሌብሩ አይጠራለትም ነበር። ድጎማው ለባጃጅ ሹፌርና ለተሳፋሪው ታስቦ ወጣ፣ ሰልፉ መሃል ላይ ቆሞ አስቀረው። በ2017 የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ከማደያ ውጭ የሚነግድን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ሕግ አጣን ማለት አንችልም።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። የሰው ሕይወት ጉዳይም ሆኗል።

ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ናት። በመሃል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። ነዳጅ ሲወደድ አንዳንድ ሹፌር ማርሽ ነቅሎ ቁልቁለቱን በፎሌ መውረድ ይጀምራል። ሞተር አጥፍቶ የሚለቅም አለ። ጥቂት ነዳጅ ይተርፋል ብሎ ነው። በማርሽ ያልተያዘ መኪና ግን ክብደቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬን ሲግል መያዝ ይተዋል። ከታች ደግሞ ጭነት የያዘ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል። ወንድሞቼ፣ በዚያ መንገድ ላይ የምታተርፏት ሊትር የትኛውም ቤተሰብ ከሚያጣው ሰው አትበልጥም። በከተማው ውስጥ ባሉት ቁልቁለቶችም በባጃጅ እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ። እባካችሁ ተዉ።

ሁለተኛው አደጋ ቤት ውስጥ ነው። ቤንዚን ይጠፋል ተብሎ ስለሚፈራ ሹፌሩ ያገኘ ቀን በጀሪካን ያስቀምጣል። የት? በተከራያት አንዲት ክፍል፣ አልጋ ሥር። እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰል ይነዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ሕፃን ይተኛል። የቤንዚን ትነት ነበልባሉን ራቅ ካለ ቦታም ይስበዋል፣ ጀሪካኑ ተከድኗል ብሎ መተማመን አይቻልም። ይህን እያወቅን የምናደርገው ነገ ማደያ ላይ እናገኛለን የሚል እምነት ስለሌለን ነው። እምነቱ ቢኖር ማንም ከልጁ ጋር ቤንዚን አያስተኛም።

ሦስተኛው የሃይላንዱ ቤንዚን ራሱ ነው። ላምባ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት አለ። በዓይን አይለይም። ሞተር መንተፋተፍ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ካንዴላ ይጠቁራል፣ ካርቡሬተር ይደፈናል፣ ፒስተን እስከ ማበላሸት ይደርሳል። መለዋወጫው ደግሞ ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። ገቢ የሚያስገባ ሹፌር ባጃጁ ጋራዥ በቆመ ቀን ባለንብረቱም ያኮርፈዋል፣ ቤቱም ባዶ ነው።

ሹፌሩ ይህን እንዴት እየተቋቋመው እንደሆነም ንገሩን ካላችሁ፣ እያንዳንዱ በራሱ ብልሃት ነው። ሰው እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሞተሩን አጥፍቶ። የጎማ ንፋስ ሳይጓደል በየጊዜው ያስሞላል፣ ፊልትሮ ያጸዳል፤ እነዚህ በእውነትም ይጠቅማሉ፣ ላልጀመረ ጓደኛዬ ሁሉ እመክራለሁ። ሦስት ሰው መጫን ሲገባው አራተኛ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ይሄኛው አደገኛ ነው። ዳገት ያለበትን ሰፈር አልሄድም ይላል። ደሴ ላይ ዳገት የሌለበት ሰፈር ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይ አሮጊቶችና ነፍሰ ጡሮች፣ ከመሸ በኋላ ባጃጅ አያገኙም። ያገኘ በኮንትራት ነው፣ በተጠየቀው ዋጋ። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ቤተሰብ መንገድ ዳር ቆሞ የሚለምንበት ሌሊት አለ። ሹፌሩ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ታንከሩ ባዶ ነው።

ሥራውን የተዉም አሉ። ባጃጁን ለባለንብረቱ መልሰው አዲስ አበባ የገቡ፣ በባቲ በኩል አድርገው ወደ ዓረብ አገር መንገድ የወጡ ልጆች አውቃለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎ፣ ከተማው ሲረጋጋ ተበድሮ እንደገና የጀመረ ሰውም ዛሬ ሰልፍ ላይ ነው። ያንን ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው በሰልፍ ምክንያት ሥራ ሲተው ማየት ያንገበግባል።

አሁን የምጠይቀውን ልናገር።

ታሪፉን በየጊዜው ከዜሮ ከማጥናት፣ አስቀድሞ ሠንጠረዥ ይሠራ። ቤንዚን ከዚህ ዋጋ እስከዚህ ዋጋ ሲሆን ከፒያሳ እስከ መናፈሻ ይህን ያህል፣ ከፒያሳ እስከ ሆጤ ይህን ያህል፣ ዋጋው ከዚህ ካለፈ ደግሞ ይህን ያህል ተብሎ አንድ ጊዜ ይወሰን። ሹፌሩም፣ ባለንብረቱም፣ የተሳፋሪው ወኪልም ባሉበት ተነጋግረን እንፈርምበት። ከዚያ በኋላ አዲስ ዋጋ በታወጀ ማግስት የትኛው መስመር እንደሚሠራ ማንም ማየት ይችላል። ስብሰባ አያስፈልግም። ወረቀቱ በየፌርማታው፣ በየባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ በሚያየው ቦታ፣ በትልቅ ፊደል ይለጠፍ። ዋጋው ከወረደም በዚያው ሠንጠረዥ ይውረድ፤ እኛም ይህን ለመቀበል ዝግጁ መሆን አለብን። ሚኒባሶቹ የሚሠሩበት የደሴ ኮምቦልቻ መስመርም በናፍጣው ዋጋ ተሰልቶ እንዲሁ ሊደረግለት ይችላል፤ እዚያ ላይ መውጫና መውረጃው የሚፈጀው ነዳጅ ስለሚለያይ የደርሶ መልሱ አማካይ ይወሰድ።

ዝርዝር ስለሌለ ሳንቲም ያለበት ታሪፍ አታውጡ። በሥራ ላይ የማይውል ታሪፍ ለጠብ በር ነው የሚከፍተው። አንዱ መስመር ላይ ወደ ላይ ከተጠጋጋ ሌላው ላይ ወደ ታች ይጠጋጋ፣ ሂሳቡ ይመጣጠናል።

ስለ ሰልፉ ደግሞ ይህ ነው ሐሳቤ። ቦቴ የትኛው ማደያ መቼ እንደሚገባ፣ ስንት ሊትር ቤንዚን እንደመጣ፣ ከመቀዳቱ በፊት ለሕዝብ ይነገር። በስልክ ይነገር፣ በማደያው በር ላይም ይጻፍ። ባጃጆች በታርጋ ቁጥር፣ ሙሉና ጎዶሎ ተብለው ቀን ይለይላቸው። አንድ ባጃጅ በቀን የሚፈጀው የታወቀ ስለሆነ ለእያንዳንዱ በልክ ይቀዳለት። ተራውን የሚያስከብር ሰው ከማኅበራችን፣ ከትራፊክና ከማደያው በጋራ ይቁም። ሌሊት ተሰልፎ ማደር ያን ጊዜ ይቀራል፣ ነገ ተራዬ ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ይተኛል።

ጀሪካንን በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ። ጨርሶ ይከልከል ማለት ቀላል ነው። ሆኖም ገበሬው ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ፣ ባለሱቁ ለጄነሬተሩ የሚቀዳው በጀሪካን ነው። መኪና አይደለም ተብሎ የቦርከና ዳር ጓሮ አትክልት ሊደርቅ አይገባም። የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ፣ ስሙና መጠኑ ተመዝግቦ፣ ከባጃጅ ሰልፍ በተለየ ሰዓት ይቀዳለት። ያለ ደብዳቤ የሚወጣው ጀሪካን ነው መቆም ያለበት።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ቃል። ከ2016 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተደርጓል፣ ወደ ኤሌክትሪክ እንሂድ ተብሏል። ባጃጅም በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ እኛም አንጠላም። የኔ ዓይነቱ ገቢ አስገቢ ግን በእጁ ገንዘብ የለውም። ብድርና ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ከተመቻቸ በደስታ የምንሞክር ብዙ ነን። ያ እስኪሆን ግን ዛሬ የምንነዳው ቤንዚን ነው።

ለተሳፋሪዎቻችን፦ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከታሪፍ በላይ ስትጠየቁ መቆጣታችሁ አይገርምም። ሹፌሩን ስትጠይቁት ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ቤንዚኑን ከየት ቀዳኸው በሉት። መልሱን ሰብስባችሁ ከኛ ጋር ኃላፊዎቹ ዘንድ ብትመጡ ድምፃችን ይሰማል። እኛ ብቻችንን ስንጮህ ለኪሳችን እንደምንጮህ ተደርጎ ነው የሚታየው።

ለሥራ ባልደረቦቼ፦ አንድ ብር በቂ በሆነበት ቀን አምስት አንጠይቅ። ከማደያ በመንግሥት ዋጋ ቀድተን በሃይላንድ ዋጋ አናስከፍል። ይህን የሚያደርግ በመካከላችን እንዳለ ታውቃላችሁ። ኃላፊዎች ፊት ቀርበን ሂሳባችንን ስናሳይ ደብተራችን ንጹሕ መሆን አለበት።

ኃላፊዎቻችን፣ ለሠንጠረዡ የሚያስፈልገውን መረጃ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የትኛው መስመር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ የትኛው ዳገት ስንት እንደሚበላ፣ ዘይትና ጎማ በስንት ጊዜ እንደሚቀየር ጽፈን እናመጣለን። የባጃጅ ማኅበራትን፣ የማደያ ባለቤቶችንና የተሳፋሪ ወኪሎችን በአንድ ጠረጴዛ ጥሩልን። የሚመቸን እሁድ ከሰዓት ነው፣ ገበያው ቀዝቀዝ ይላል። የሚቀጥለው የዋጋ ክለሳ ከመታወጁ በፊት ይሁን፣ ሲታወጅ ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንዲጠብቀን።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴ ከተማ የባጃጅ ሹፌር